የነፍስ አባት ስልክ

ስለ ስልክ የማወራው ነገር ለብዙ ሰው ደስ አይለውም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ቢሮ አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ሻይ ሰዓት ላይ "ካሣዬ ዛሬ ደግሞ ምን ፈራ?" እያሉ ያሾፉብኛል። አንድ ጊዜ የባትሪ መብራት ለማብራት የጫንኩት መተግበሪያ ድምፄን ለመስማት ፈቃድ ቢጠይቀኝ፣ መብራት ጆሮ ምን ያደርግለታል ብዬ በመጠየቄ ነው ማሾፉን የጀመሩት። እነሱ "ፍቀድ" የሚለውን ተጭነው ያልፋሉ። ስልካቸውን በጣት አሻራ ይቆልፋሉ፣ ሚስቶቻቸው እንዳያዩባቸው ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የኢሜይላቸውን የይለፍ ቃል ግን የሚያውቀው ፒያሳ ያለ ባለሱቅ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ሰምተው አድገዋል፤ ግን የሚስቁት በሚጠረጥረው ሰው ነው።

የኩባንያዎቹ ነገርማ አይነሳ። ዕቃውን ሸጠውልህ ሲያበቁ ከዕቃው ጋር ቤትህ ይገባሉ። ያልጠየቅኸውን ነገር በስጦታ መልክ ይሰጡሃል፤ ስጦታው ምን እንደሚሠራ ግን አንድም ሰው ቁጭ ብሎ አይነግርህም። ይህን እየደጋገምኩ ስናገር የማትስቅብኝ ባለቤቴ ወርቅውሃ ብቻ ነበረች። እሷም ብትሆን የማትስቀው ሐኪም ቤት ስትቆም ውላ ስለሚደክማት ይመስለኛል።

ወርቅውሃ ነርስ ናት፤ የምንኖረው ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ነው። አባቷ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ከመካነ ብርሃን ወደ ጎንደር የመጡት ዓይናቸውን ለመታከም ነበር። ዓይናቸው ዳነ፤ መንገዱ ግን ተዘጋና እኛው ዘንድ ቀሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሀብት የሚባል ነገር የላቸውም፤ ያላቸው የነፍስ ልጆቻቸው ናቸው። አገራቸው ጃናሞራ ውስጥ ካንዱ ሸንተረር እስከ ሌላው፣ ኃጢአታቸውን ለሳቸው የሚናገሩ፣ ቀኖና የሚቀበሉ፣ ሲሞቱም እሳቸው የሚፈቷቸው ቤተሰቦች አሏቸው። በዚያ አገር የነፍስ አባት ማለት ከወንድም በላይ ነው። ወንድም የማያውቀውን ያውቃል፤ አውቆም ዝም ይላል። ዝም ካላለ ግን ሌላው ነገሩ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ወርቅውሃ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ተምራዋለች። የነፍስ ልጅ ለመናዘዝ ቤታቸው ሲመጣ እናቷ ልጆቹን በሙሉ ውኃ ቅዱ ብላ ታስወጣቸው ነበር፤ እንስራው ሞልቶ እንኳ ቢሆን። "የሞላ እንስራ ተሸክመን ወንዝ ወርደን፣ ደፍተን፣ እንደገና ቀድተን እንመለስ ነበር" ብላ አጫውታኛለች። ስለዚህ አባቷ እኛ ቤት ሆነው ስልክ ሲደወልላቸው ሳታስበው እጇ ወደ ሬዲዮው ይሄዳል፤ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች።

ስልኩን የገዙት ከመናኸሪያ ወርደው እኛ ቤት ሳይደርሱ ነው። ፒያሳ አብዮት የሚባል ባለሱቅ አለ፤ እናቱ የጃናሞራ ሰው ስለሆነች ከዚያ የሚመጣ ሁሉ ስልክ የሚገዛው ከሱ ነው። የስልኩን ስም አልጠራውም፤ ብጠራው ማስታወቂያ ይሆንለታል። አባ ተክለ ጊዮርጊስ ስልኩን ከዳዊታቸውና ከግብረ ሕማማታቸው ጋር በእንጨት ሣጥን ውስጥ አድርገው ይቆልፉበታል፤ ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያስሩታል። ሲደወል ቁልፉን ፈልገው፣ ሣጥኑን ከፍተው፣ ከጨርቁ ፈትተው እስኪያወጡት ጥሪው ያልቃል። ያን ጊዜ ራሳቸው መልሰው ይደውላሉ። እኔ ያን ሁሉ የስልክ ደኅንነት እያወራሁ እንኳ የሳቸውን ያህል ስልኩን የሚጠብቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ላይ በስልክ ንስሐ አይሰሙም ነበር። ቄስ የተናዛዡን ዓይን ማየት አለበት ይሉ ነበር። የነፍስ ልጆቻቸው ሲደውሉ ደኅንነታቸውን ጠይቀው፣ ባርከው ይዘጉታል። መንገዱ ግን ሳይከፈት ቆየ። የታመመ አለ፣ የምትወልድ አለች፣ ነፍሱ የተጨነቀችበት አለ። ለራሳቸው የነፍስ አባት፣ ለአንድ ሽማግሌ መነኩሴ፣ ሄደው ነገሩን አማከሩ። መነኩሴው ጭንቀቱን ስማው፣ ቀኖናውን መንገድ ሲከፈት መጥቶ ካንተ ይቀበላል አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደወልላቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ጓሮ ከጌሾው ሥር ይቀመጣሉ። እኛ ቤት ውስጥ ሬዲዮ እናስጮኻለን። ጎረቤቶቻችን ዜና የምንወድ ሰዎች እንመስላቸው ነበር።

ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው ወሬው የደረሰን። ዳኜ የሚባል የነፍስ ልጃቸው ከወፍጮ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ ቢያዝን የሚባል የዚያው ቀበሌ ሰው ነው። የቢያዝን ታላቅ ወንድም አለምነህ ከዓመታት በፊት ገደል ሥር ሞቶ ተገኝቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ጉም ነው የጣለው ብሎ ቀበረው። ቢያዝን ግን አላመነም፤ ያልታወቀ ደም ሆዱ ውስጥ ይዞ ኖረ። እንግዲህ ዳኜን ከገደለ በኋላ ጫካ ከመግባቱ በፊት ለዘመዶቹ የተናገረው ነገር ነበር። ዳኜ ለነፍስ አባቱ የተናዘዘውን ደርሼበታለሁ ነው ያለው።

ከዚህ በኋላ ሰው ምን ይበል? ንስሐን የሚሰማው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። ጃናሞራ በሙሉ ቄሱ ሸጡት አለ። ጎንደር ያሉት የአገር ልጆችም ሰሙ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው አባ የሰሙት ከሁሉም በኋላ ነው። እሑድ እሑድ መስቀል ለመሳለም ይመጡ የነበሩት ሰዎች ቀሩ። አንዱ ቤተሰብ ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ ጠርቷቸው ነበር፤ ሌላ ቄስ አግኝተናል ብሎ በሰው ላከባቸው። ስልኩ ጭራሽ መደወል አቆመ። ወርቅውሃ ሬዲዮውን ዘጋችው፤ ቤቱ ጸጥ አለ።

አባ መቀደስ ተዉ። ማንም አላገዳቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የተዉት። ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከቅጥሩ በር አጠገብ፣ ከነዳያኑ ጋር ይቆማሉ። ወርቅውሃ አንድ ቀን ደፍራ "አባዬ፣ ለማን ተናገርክ?" ብላ ጠየቀቻቸው። ለማንም አልተናገርኩም አላሏትም፤ ተናገርኩም አላሏትም። እግዚአብሔር ያውቃል አሉና ዳዊታቸውን ዘረጉ። ልጃቸው ስለሆነች አመነቻቸው፤ እኔ ግን አማች ነኝና አንዳንድ ጊዜ እጠራጠር ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ምናልባት ለአንድ ሰው ተንፍሰው ይሆናል እል ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ነገሩን የገለጠው ያው ስልኩ ነው። አንድ ቀን አባ ስልኩ እየጮኸ አስቸገረኝ ብለው ሰጡኝ። ማከማቻዬ ሞልቷል ይላል። ፎቶ የማያነሱ፣ ዘፈን የማይሰሙ ሽማግሌ ስልክ በምን ሞላ ብዬ ከፈትኩት። ፎቶ ማስቀመጫው ውስጥ የሰው ሠርግ አለ። የሰው በቅሎ አለ። የማላውቃት ሴትዮ መታወቂያ ከፊትም ከጀርባም ተነሥቶ ተቀምጧል። ወርቅውሃን ጠራኋትና እያገላበጥን ስናይ አንዱ ፎቶ ላይ እጇ ቆመ። አንድ ሰው ጠመንጃ አንግቶ መቃብር አጠገብ ቆሟል። "ቢያዝን ነው" አለች።

ድምፅ ወደሚቀመጥበት ሄድኩ። አባ ያወሩት እያንዳንዱ ጥሪ በቀኑና በስሙ ተቀድቶ ተደርድሯል። ዳኜ የሚል አለ። ሁሉም አጠገብ ትንሽ የደመና ምልክት አለች፤ ትርጉሟ ይህ ነገር ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል፣ የአባ ስልክ በተከፈተበት ኢሜይል የተከፈተ ስልክ ሁሉ ያገኘዋል ማለት ነው። የቢያዝን ፎቶ ወደ እኛ በመጣበት መንገድ የዳኜ ድምፅ ወደ ቢያዝን ሄዷል። ቢያዝን ስልኩ ላይ መዝሙር ወይም ዘፈን ሊያዳምጥ ከፍቶ ከዘፈኖቹ መሐል የጎረቤቱን ድምፅ ሰምቶ ይሆናል። ወርቅውሃ መሬት ላይ ቁጭ አለች። "አባቴ አልተናገረም" አለች፤ "አባቴ አልተናገረም።" እኔም በጠረጠርኳቸው አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ።

በማግሥቱ ፒያሳ ወረድኩ። አብዮት ሻይ አስመጣልኝ። ስለ ዳኜ አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ የሰው ፎቶ ስልካችን ላይ መጣ ብቻ ነው ያልኩት። ምንም አልደነገጠም። የገጠር ሰው ኢሜይል የለውም፣ ለእያንዳንዱ ብከፍትለት በሳምንቱ የይለፍ ቃሉን ረስቶ ስልኩ ተቆልፎበት ይመጣል፣ ስለዚህ ለጃናሞራ ሰው ሁሉ አንድ ኢሜይል ከፍቼ እሱን እሞላላቸዋለሁ፣ ሲረሱ እኔ አለሁ አለ። ለበጎ ነው ያደረገው። ሌላው ሱቅ ለዚህ ያስከፍላል፤ እሱ በነፃ ነው። ይህ አደጋ እንዳለው ስነግረው ቅር አለው። "ጋሼ ካሣዬ፣ ያገር ልጆች አይደሉ እንዴ? ፎቷቸው ቢቀላቀል ምን አለበት?" አለኝ።

እዚያው ኢሜይሉን ከአባ ስልክ ላይ አጠፋሁ። የሄደው ግን ሄዷል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ከዚያ የኩባንያው አገልግሎት መስጫ ሄድኩ። መስታወት በመስታወት ነው፤ ቁጥር ይዘህ ትቀመጣለህ። የተቀበለችኝ ልጅ እንደ ማር የሚጣፍጥ አነጋገር አላት። ጥሪ መቅዳቱ ከፋብሪካ ሲመጣ ጀምሮ ክፍት ነው፣ ደንበኞቻችን በጣም ይወዱታል አለች። ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጡስ ስላት እሱ የኩባንያችን ስጦታ ነው አለች። ማን ጠየቃችሁ ስላት ስልኩ መጀመሪያ ሲከፈት "እስማማለሁ" የሚለው ተጭኗል አለች። የተጫነው በአብዮት ጣት ነው፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የተስማሙት በግዕዝ የሚቀድሱ ቄስ ናቸው። ምን ጉዳት ደረሰብዎ ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ሞቷል ማለት አልቻልኩም፤ ሰው ሞቷል ብዬ ብጀምር ለምን ሞተ ይከተላል። ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈችና፣ ስልኩ ብልሽት የለበትም፣ በተሠራበት መንገድ ነው የሠራው አለችኝ። አቤቱታ ማቅረብ ከፈለጉ ግን የተቀዳውን ድምፅ ለማጣራት ስለሚያስፈልገን አያይዘው ይላኩልን አለች።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል፣ በኮከብ ይግለጹልን የሚል መልእክት ነው። ሰው ፊት ባልሆን ኖሮ በመስኮት እወረውረው ነበር።

ማታ ወርቅውሃና እኔ አባ ፊት ተቀመጥንና ሁሉንም ነገርናቸው። በዝግታ፣ እየደጋገምን አስረዳናቸው። ስልኩ ይቀዳ እንደነበር፣ ለቢያዝን እንዴት እንደደረሰው። ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። የሚያሳዝነው፣ ለጥቂት ጊዜ ደስታ መስሎኝ ነበር።

ወርቅውሃ ዕቅድ ነበራት። ለሀገረ ስብከቱ እንንገር፣ የአገር ሽማግሌዎችን ሰብስበን ስልኩን እናሳያቸው፣ ስምህ ይጸዳል አለቻቸው። አባ እስክትጨርስ ጠበቋት።

"ምን ብዬ ልጀምር?" አሉ። "ዳኜ እንዲህ ብሎ ነግሮኝ ነበር ብዬ ነው የምጀምረው? እስካሁን ያለው የቢያዝን ቃል ነው። ሰው ቢፈልግ ውሸት ነው ይላል። እኔ አፌን ስከፍት ግን እውነት ይሆናል። የሞተ ሰው ምሥጢር ከፍቼ ነው ራሴን የማጸዳው?"

"አንተ እኮ አላወጣህም" አለች።

"ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር። የያዘው እጅ የኔ ነው። መነኩሴው ስማው ቢሉኝም ፊት ለፊት ካልሆነ አልሰማም ማለት እችል ነበር።" "ይህ ነገር የሚሸከመው ሰው ይፈልጋል፣ ልጄ። እኔ እሸከመዋለሁ። ለማንም እንዳትናገሩ።"

ድምፁን እንዳጠፋው ጠየቁኝ። ሳልሰማው አጠፋሁት። ለመስማት አልፈተንኩም ብል ውሸት ነው፤ ጣቴ ላዩ ላይ ቆሞ ነበር። ግን የወርቅውሃ እናት ልጆቿን በሞላ እንስራ ወንዝ የሰደደችበት ቤት አማች ነኝ። ሳጠፋው ስልኩ "በእርግጥ ማጥፋት ይፈልጋሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሲቀዳ አልጠየቀም።

እኔ የአባን ነገር የካህን ትሕትና ነው ብዬ ተቀበልኩት። ወርቅውሃ ግን አልዋጥልሽ አላት። በየቀኑ ከሐኪም ቤት ስትመለስ የሰማችውን ይዛ ትመጣለች። አንዷ በሽተኛ ወርቅውሃ የማን ልጅ እንደሆነች ሲነገራት መርፌ ሌላ ሰው ይውጋኝ ብላለች። እንጀራ የምትሸጥልን ሴት ሰላምታዋ ቀዝቅዟል። አባቷ በቁማቸው እየደረቁ ሄዱ። ምግብ ይቀርባል፤ ይነካኩትና ይመለሳል። ማልቀስ ግን አላለቀሱም። አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም።

መንገዱ እንደተከፈተ ዝናሽ መጣች። ዝናሽ የዳኜ ሚስት ናት። በቀን፣ ፀሐይ ሳለ፣ በራችንን አንኳኳች። ጠጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለብሳለች፤ ፊቷ ከቆላ እንደተመለሰ ሰው ጠቁሯል። ወርቅውሃ ከልጅነቷ ታውቃታለችና ልታቅፋት ስትል ዝናሽ እጇን ዘርግታ ብቻ ጨበጠቻት። ወንበር ሰጠናት፤ አልቀመጥም አለች። አባ ከመኝታ ክፍላቸው መስቀላቸውን ይዘው ወጡ።

"አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ" አለች። "ሰው ብዙ አለኝ። እኔ ከሰው አልሰማም፣ ከርስዎ ነው የምሰማ። የባሌ ደም በርስዎ ነው የፈሰሰ?"

አባ አዩዋት። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ያን አስተያየታቸውን አስታውሻለሁ፤ ሲያዩዋት የራሳቸውን ነገር የሚያስቡ ሰው አይመስሉም ነበር። ወርቅውሃ ከኋላዬ እጄን ጨምቃ ይዛኛለች። አንድ ቃል፣ አይደለም የሚል አንድ ቃል ቢበቃ ነበር። ሴትዮዋ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ የመጣችው ያን ቃል ልትወስድ እንደነበር ከፊቷ ይነበባል።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ከኔ በቀር ማንም የለበትም። ይቅር በይኝ አልልሽም።"

"ምነው?" አለች። "ምን አደረግንዎ?"

ከልማድ የተነሣ ጎንበስ ብላ ወደ መስቀሉ ቀርባ ነበር፤ መሐል ላይ ቀና አለች። መስቀሉ በአባ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ልጆቼን ለሌላ የነፍስ አባት እሰጣለሁ፣ እርስዎንም እግዜር ይይዎ አለችና ወጣች።

ወርቅውሃ እጄን ለቀቀችው። አባ "ወርቅውሃ" አሉ፤ በስሟ ብቻ፣ ቀስ ብለው። ሰምታለች፤ ሰምታ ነው የወጣችው። በነጠላ ጫማ ስትሮጥ ተከተልኳት። ላስቆማት አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም እንድትነግራት እፈልግ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያጠፋው ሌላ፣ የሚሸከመው ሌላ የሆነበት ዘመን አስመርሮኛል። ቢያንስ አንድ ሰው፣ አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ትወቅ ብዬ ነበር።

ዝናሽን አስፋልቱ ዳር፣ ባጃጅ የሚቆምበት ቦታ ላይ ደረስንባት። ወርቅውሃ እያለከለከች ነገረቻት። ስልኩ ራሱ እየቀዳ እንደነበር ነገረቻት፤ ፒያሳ ያለው ልጅ ለሁሉም አንድ ኢሜይል እንደከፈተ፣ የቢያዝን ፎቶ አባቷ ስልክ ላይ እንደተገኘ፣ አባቷ ለሰው አንዲት ቃል እንዳልተነፈሱ፣ የዳኜን ስም ላለማንሣት ብለው ስማቸውን እንደጣሉ። እኔም ከጎን ሆኜ ኩባንያው እንዲህ ብሏል፣ እንዲህ አድርጓል እያልኩ ጨመርኩበት። አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ፤ ሾፌሩ አዘዞ፣ አዘዞ እያለ ይጠራል።

ዝናሽ ሰማችን። ሲገባት አየሁ። መጀመሪያ ቅንድቧ ተሰበሰበ፤ ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት ለቀቀ። ጎሽ፣ ቀለላት ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ግን የባጃጁን ብረት ያዘች።

"ስልኩ ነው እንዴ?" አለች።

"ስልኩ ነው" አለቻት ወርቅውሃ።

"እሱማ አልደውልም ብሎኝ ነበር" አለች ዝናሽ። የምታወራው ለኛ አይመስልም። "መንገዱ ሲከፈት በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም አለ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁት። እንቅልፍ አጥቶ፣ እህል አልወርድ ብሎት፣ ሰውነቱ አለቀብኝ። እኔ ነኝ የደወልሁ። እሱ ቁጥር መንካት አያውቅም። ደውዬ፣ መልሰው ሲደውሉልኝ ጆሮው ላይ አድርጌለት፣ ንገራቸውና ይቅለልህ ብዬ፣ ልጆቹን ይዤ ወጣሁ።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባ ይህን ያውቁ ነበር። ዳኜ ማን ደውሎለት እንደሚያወራ ያን ዕለት ከጌሾው ሥር ሰምተዋል።

"የኔ እህት፣ አንቺ ምን ታውቂ ነበር" ልላት ጀመርኩ። አልሰማችኝም። ወርቅውሃን ነው የምታያት።

"ምነው ባትነግሪኝ" አለች። "ቄሱ ቢሆኑ ሸጋ ነበር። እሳቸውን እረግም ነበር። አሁን ማንን ልርገም?"

የኩባንያው ስም ምላሴ ላይ ነበር። አብዮትም ነበረ፤ ያቺ አነጋገሯ የሚጣፍጥ ልጅም ነበረች። የትኛው ይረገማል? የትኛውስ ቢረገም ይሰማዋል? ዝናሽ ባጃጁ ውስጥ ገብታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሾፌሩ ሌላ ተሳፋሪ ሊጠብቅ ፈልጎ ነበር፤ አይቷት ተወውና ሄደ።

ወደ ቤት ተመለስን። አባ በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ወደኔ አላዩም፤ የልጃቸውን ፊት ነው ያዩት።

"ነገርሻት?"

ወርቅውሃ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አባ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ስማቸው ሲጠፋ፣ ቅዳሴያቸውን ሲተዉ፣ የነፍስ ልጆቻቸው ሲበተኑ ያላለቀሱት ሰው ያን ጊዜ አለቀሱ።